መከታ የሌለው ፎቅ፦ ክርስቲያናዊ መንግሥት በየትኛው ሕግ ይቆማል?

የምኖረው የካ አባዶ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ማዶ አንድ ባለ አራት ፎቅ ቤት እየተሠራ ነው። «እየተሠራ ነው» ማለት ከጀመርን ሦስት ዓመት ሆነን። ምድር ቤቱ ሱቅ ሆኗል። አንደኛ ፎቅ ላይ ተከራይ ገብቷል። ደረጃው ግን ሃንድሬል የለውም። ጣራው ሶሌታ ነው፤ ልብስ ይሰጣበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዙሪያውን አንዲት ብሎኬት እንኳ አልተደረደረችም።

ቅዳሜ ጠዋት ታች ጀበና ቡና ጋ ተቀምጠን ወሬያችን በዚሁ ቤት ተጀመረ። አንዱ ጎረቤታችን ወጣት ነው፤ ጴንጤ ነው፤ ስልኩ ላይ ስብከት ሳይሰማ አይውልም። ዘዳግም 22 ቁጥር 8ን አውጥቶ አነበበልን። አዲስ ቤት ስትሠራ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ እንዳያመጣብህ ጣራው ዙሪያ መከታ አድርግ ይላል። «ይኸው ተጽፏል እኮ! ይህች አገር በእግዚአብሔር ሕግ ብትገዛ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር» አለ።

ጡረታ የወጡ አስተማሪ አብረውን ነበሩ። በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገሙ ናቸው። «ልጄ፣ ልጅ ከፎቅ እንዳይወድቅ ለማሰብ ሙሴ አያስፈልግም። ከሙሴ በፊትም ገደል ነበረ። እናት ልጇን ከገደል አፍ ትመልስ ነበረ» አሉት።

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አልተሠራም?» አለ ልጁ።

ጋሼ ዝም አሉ። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ሙስሊም እናት ናቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ጥቅሱን ስትጨርሱ ሃንድሬሉን ማን እንደሚያስገባ ንገሩኝ» ብለው ተነሡ።

እኔ ግን ጭቅጭቁ እቤት ድረስ ተከተለኝ። ክርስቲያኖች መንግሥት ሲይዙ፣ ወይም መንግሥት ለመያዝ ሲመኙ፣ ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ክርስቲያን የሚያስተዳድረው አገር ሕጉን ከየት ይቅዳ? ከተጻፈው ከመጽሐፍ ቅዱስ? ወይስ ያመነም ያላመነም ሰው ሁሉ በልቡ ከሚያውቀው?

እኛ ጋ ጉዳዩ የቡና ወሬ ሆኖ የሚቀር አይደለም። በ2014 የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1265 ከተቋቋመ ወዲህ ሕገ መንግሥቱን በየካፌው የማያሻሽል ሰው የለም። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክሱ 43.5 በመቶ፣ ሙስሊሙ 33.9 በመቶ፣ ፕሮቴስታንቱ 18.6 በመቶ ነበር። ኦርቶዶክሱንና ፕሮቴስታንቱን የደመረ ሰው «አገሩ የክርስቲያን ነው፤ ታዲያ ሕጉ ለምን አይሆንም?» ቢል አይገርምም። የሚገርመው ሁለቱ በአንድ ጥቅስ ትርጉም እንኳ ሳይስማሙ መደመራቸው ነው።

ወጣቱ ጎረቤቴ የሚለው ነገር በአሜሪካ ስምና ትምህርት ቤት አለው። ሩሳስ ጆን ረሽዱኒ የተባለ፣ የ16ኛው መቶ ዘመን የፕሮቴስታንት መሪ የካልቪን ወገን የሆነ ሰባኪ እ.ኤ.አ. በ1973 የሙሴን ሕግ ለዛሬ መንግሥት የሚተነትን ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። ከአራት ዓመት በኋላ ግሬግ ባንሰን የተባለ ፈላስፋ ሐሳቡን በክርክር አጠናከረው። የመሥዋዕቱና የቤተ መቅደሱ ሥርዓት በክርስቶስ ተፈጽሟል፤ የፍርዱ ሕግ ግን፣ ቅጣቱም ጭምር፣ መንግሥታትን ዛሬም ይገዛል ነው የሚሉት።

አንድ ነገር ላይ እውነት አላቸው፤ ይህን ሳልመሰክር ባልፍ ደግ አይደለም። ገለልተኛ ሕግ የለም ይላሉ። ሕግ ሁሉ ከጀርባው አንድ የሚመለክ ነገር አለው፤ እግዚአብሔር ካልሆነ ፓርቲ፣ ፓርቲ ካልሆነ ገበያ፣ ገበያ ካልሆነ ጎሣ ይሆናል። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት እዚህ አገር የኖረ ሰው ይህን ለማስተባበል ይቸገራል።

ችግሩ የራሳቸው አባቶች አብረዋቸው አለመቆማቸው ነው። ካልቪን ራሱ፣ የሙሴን የአገዛዝ ሥርዓት ያልያዘ መንግሥት በትክክል አልቆመም የሚሉ ሰዎችን አደገኛና ሁከት ቀስቃሽ፣ ሐሳባቸውንም ሐሰትና ሞኝነት ብሎ ነው ያለፋቸው። በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የካልቪን ወገኖች በእንግሊዝ የጻፉት የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ ደግሞ የእስራኤል የፍርድ ሕግ ከዚያ ሕዝብ መንግሥት ጋር አብሮ እንዳበቃ ይናገራል። የቀረው በውስጡ ያለው የጋራ ፍትሕ ብቻ ነው ይላል። የመከታው ጥቅስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሙሴ ዘመን ጣራ ሰው የሚውልበት ደልዳላ ጣራ ነበር። ቆርቆሮ ቤት ለሠራ የገጠር ሰው «ዙሪያውን መከታ አድርግ» ማለት ቀልድ ነው። ሰው በቤትህ ምክንያት እንዳይሞት ተጠንቀቅ የሚለው ግን እስከ የካ አባዶ ደረጃ ድረስ ይደርሳል።

ከካልቪን ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዘመን ነገሩን በሌላ መንገድ ይዞት ነበር። የሙሴን ሕግ የምግባር፣ የአምልኮና የፍርድ ብሎ ይከፍለዋል። የፍርዱን ሕግ አንድ ንጉሥ ጠቃሚ ሆኖ ካገኘው በአገሩ ሊያውጀው ይችላል፤ ኃጢአት የለበትም። «ሙሴ ስላዘዘ ግድ ነው» ብሎ ካወጀው ግን እምነትን ይጎዳል ይላል። አንቀጹ ያው አንድ አንቀጽ፣ ቅጣቱ ያው አንድ ቅጣት ሆኖ፣ በምክንያቱ ብቻ አንዱ ደህና ሌላው ጥፋት ይሆናል። መጀመሪያ ሳነበው የጠበቃ ብልጠት መሰለኝ። አሁን ሳስበው ቁም ነገሩ እዚያ ላይ ነው። ምክንያቱ «ጠቃሚ ስለሆነ» ከሆነ ዜጋው ሊከራከርበት ይችላል። ምክንያቱ «ተጽፏልና» ከሆነ የሚከራከረው ሰው ከእግዚአብሔር ጋር እንደተጣላ ይቆጠራል።

እውነቱን ለመናገር ይህን ለመረዳት እስከ አውሮፓ መሄድ አይጠበቅብንም ነበር። የእኛ ሊቃውንት ዘመኑን ሲከፍሉ ሕገ ልቡና፣ ሕገ ኦሪት፣ ሕገ ወንጌል ይላሉ። ከአዳም እስከ ሙሴ ያለው ዘመን የሕገ ልቡና ዘመን ነው። አቤል፣ ኖኅ፣ አብርሃም የተጻፈ ሕግ ሳይኖራቸው ጽድቅን አወቁ። ቃየልም «አትግደል» የሚል ጽላት ሳያይ ጥፋቱን አውቆ ሸሸ። ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 2 ላይ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕግን ሥራ በልባቸው ተጽፎ እንደሚያሳዩ ሲናገር፣ ለቄስ ትምህርት ቤት ልጅ እንግዳ ነገር አልነገረውም።

ቃሉን ልብ በሉት። ሌላው ዓለም «የተፈጥሮ ሕግ» ሲለው የእኛ ሰው «ልቡና» አለው። ተፈጥሮ እንደ ተራራ ነው፤ ባታየውም አለ። ልቡና ግን ይደነዝዛል፤ ይታወራል፤ ይሰወራል። እናቶቻችን ያጠፋ ልጅ ሲያዩ «ልቡና ይስጠው» ይላሉ። ሰው ሁሉ አለው የምንለውን ነገር ስጠው ብለን እንለምናለን ማለት ነው። ይህች የዕለት ተዕለት ጸሎት ብዙ የፍልስፍና ድርሳን ያልያዘውን ጥርጣሬ ይዛለች። የልጁ ጥያቄ፣ «ታዲያ ለምን አልተሠራም?» ያለው፣ መልሱ እዚህች ጸሎት ውስጥ ነው ያለው። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ፍትሐ ነገሥትን መክፈት አለብን። «ድሮ በመጽሐፍ ቅዱስ ነበር የምንተዳደረው» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው እርሱን ነው። መጽሐፉን በ13ኛው መቶ ዘመን በዐረብኛ ያጠናቀረው ኢብን አልዓሳል የተባለ የግብፅ ቅብጥ ሊቅ ነው። ወደ ግእዝ የተመለሰው በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። 51 አንቀጽ አለው። የመጀመሪያዎቹ 22 የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ናቸው። የቀረው ሥጋዊ ፍርድ ነው፦ ውርስ፣ ሽያጭ፣ ብድር፣ ወንጀል። ይህ ሁለተኛው ክፍል ከኦሪት ብቻ የተቀዳ አይደለም። ብዙው የቢዛንታይን ነገሥታት፣ ማለትም የሮማውያን ሕግ ነው። የሰሎሞን ዘር ነን የሚሉ ነገሥታት ዳኞች፣ የዘመድም ይሁን የጎረቤት ርስት ክርክር ሲሰሙ፣ ሳያውቁት ከቢዛንታይን ዋና ከተማ ከቁስጥንጥንያ እየጠቀሱ ነበር።

አንቀጽ 31 ላይ ስለ ባርነት ይናገራል። አጀማመሩ ያስደንቃል። ነጻነት ከልቡና ሕግ ጋር ይስማማል፤ ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻነትን ይካፈላሉ ይላል። እዚህ ላይ ቢያቆም እንዴት ባማረበት! ግን ይቀጥላል። ጦርነትና የፈረስ ኃይል አንዱን የሌላው አገልጋይ አደረገው ይላል። ከዚያ ኦሪትን ይጠራል። ዘሌዋውያን 25 ላይ በዙሪያችሁ ካሉ አሕዛብ ባሪያ ግዙ የሚለውን ጠቅሶ በሩን ይከፍተዋል።

ይህን ገጽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሕገ ልቡና «ነጻ ናችሁ» ሲል የተጻፈው ጥቅስ «ግዙ» ይላል። በተግባር ያሸነፈው ጥቅሱ ነው። እኛ አገር ባሪያ ሲሸጥ ሲለወጥ የኖረው ለብዙ መቶ ዓመታት ነው። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በ1916 ዓ.ም. ባሪያ ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጣበት ሕግ ታወጀ። ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ነው።

ፈጥኖ ኦሪትን የሚወቅስ ሰው ግን ይሳሳታል። ያው ኦሪት ዘጸአት 21 ላይ ሰው ሰርቆ የሸጠ ይገደል ይላል። ዘዳግም 23 ላይ ከጌታው ሸሽቶ ወደ አንተ የመጣን ባሪያ ለጌታው አትመልስ፤ በመረጠው ቦታ ይኑር ይላል። አጠናቃሪው እነዚህን ሊጠቅስ ይችል ነበር። የዘሌዋውያኑን መረጠ። ያስመረጠው ጥቅሱ ሊሆን አይችልም፤ ጥቅስ ጥቅስን አይመርጥም። በጊዜው የነበረው ገበያና የፈረሰኛው ጌታ ፍላጎት ነው። «በመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ እንተዳደር» የሚል ሁሉ ከመረጣ አያመልጥም፤ ወይ በልቡናው ይመርጣል፣ ወይ በጥቅሙ።

ወጣቱ ጎረቤቴን ለማስቸገር አንድ ጊዜ ዘኁልቁ 15ን አነሣሁበት። በሰንበት ቀን በምድረ በዳ እንጨት ሲለቅም የተገኘ ሰው ተወግሮ ሞተ። ከእንጦጦ ጫካ ጎብጠው ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱትን እናቶች ያላየ አዲስ አበቤ የለም። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል። ቅዳሜም ይወርዳሉ፤ እሑድም ይወርዳሉ። «እነሱስ?» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «ያ ሌላ ነው» አለኝ። ለምን ሌላ እንደሆነ ግን ከጥቅስ አላስረዳኝም። ድህነታቸውን፣ ቤት የሚጠብቋቸውን ልጆች ነው የነገረኝ። ልቡናው ነው የተናገረው። ወደድኩለት።

እርግጥ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከኦሪት ጋር ያላት ዝምድና የጠበቀ ነው። የቅዳሜ ሰንበት ነገር አገር ከፍሎ ነበር። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው ተሰደዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ካቶሊኮች «አይሁድ ሆናችኋል» ብለው ሲወቅሱን አፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 የእምነት መግለጫ ጻፈ። ግዝረታችን እንደ አይሁድ አይደለም አለ። የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣው፣ ሕንዶችም ጆሯቸውን እንደሚበሱት ነው አለ። በዘመኑ ዙፋን ላይ ለተቀመጠ ሰው የሚያስደንቅ ድፍረት ነው። ኦሪትን ይዟል፤ ግን የያዘው «ግዴታ ነው» ብሎ አይደለም። አኲናስ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ያለውን ነገር ከጎንደር በፊት የነበረ የእኛ ንጉሥ በጆሮ ጌጥ አስረዳው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። ሰው ሁሉ በልቡናው ካወቀው መከታው ለምን አልተሠራም? የሕገ ልቡና ወገኖች፣ ጋሼን ጨምሮ፣ እዚህ ላይ ድምፃቸው ይቀንሳል። ሁሉም ያውቃል። ባለቤቱ ያውቃል፤ ግንበኛው ያውቃል፤ ተቆጣጣሪው ያውቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም ለሰው ደኅንነት ተብሎ የተጻፈ ነው። እውቀት አልጠፋም። የጠፋው «ተው!» የሚል ሰው ነው።

ልቡና ለጌታው ቶሎ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ1934 ካርል ባርት የተባለው የስዊስ የነገረ መለኮት ሊቅ ሰው በተፈጥሮም እግዚአብሔርን በመጠኑ ያውቃል ያለውን ወዳጁን ኤሚል ብሩነርን «አይሆንም!» ብሎ የመለሰለት ለዚህ ነበር። በዚያ ሰሞን በጀርመን «የጀርመን ክርስቲያኖች» የተባሉት ወገኖች ደምና አፈር የፍጥረት ሥርዓት ነው፤ ስለዚህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው እያሉ ሒትለርን ይደግፉ ነበር። ተፈጥሮ የሚለውን ቃል የያዘው ማን እንደሆነ ካላየህ ሕገ ተፈጥሮ የጉልበተኛ ሕግ ይሆናል። የሰፈራችን ደላላም በሕገ ተፈጥሮ ነው የሚሠራው፤ ትልቅ ዓሣ ትንሽ ዓሣ ይበላል ይላል።

ደላላን ካነሣሁ ስለ መሬት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የከተማዋ ዳርቻ ላይ የሚኖር ሰው ሕግን የሚያውቀው በመሬት ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ትናንት ጤፍ ይዘራበት ነበር። ካርታ ያለው አለ፤ ካርታ የሚጠብቅ አለ፤ ጨረቃ ቤት ሠርቶ ሲነጋ የሚፈርስበት አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ዘሌዋውያን 25 ደግሞ ምድር የእኔ ናትና ለዘላለም አትሸጥ ይላል። ሁለቱም አይሸጥም ይላሉ። ደላላው ሁለቱንም አላነበበም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለእኛ ሰፈር የተጻፈ የሚመስለኝ ታሪክ የናቡቴ ነው፤ አንደኛ ነገሥት 21። ንጉሡ አክዓብ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የናቡቴን ወይን ቦታ ለአትክልት ፈለገው። መጀመሪያ ያቀረበው ነገር ለልማት ተነሺ ሰው አዲስ አይደለም፦ የተሻለ ምትክ ቦታ፣ ካልፈለግህ ዋጋውን በገንዘብ። ጨዋ ነበር እኮ! ናቡቴ ግን የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። አክዓብ አኩርፎ ምግብ እምቢ ብሎ ተኛ። ቀጥሎ የሆነውን ነው ብዙ ሰው በጥድፊያ የሚያነበው። ሚስቱ ኤልዛቤል ወታደር አልላከችም። ደብዳቤ ጽፋ በንጉሡ ማኅተም አተመች። ጾም አስነገረች። ሁለት ምስክር አቆመች፤ ምክንያቱም ኦሪት በአንድ ምስክር ሰው አይገደል ይላል። ክሱ እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል የሚል ነበር። ከከተማ ውጭ አውጥተው ወገሩት፤ ይህም እንደ ሥርዓቱ ነው።

የሙሴ ሕግ በፊደሉ ተከብሮ ናቡቴ ሞተ። ጾሙም ነበረ፤ ምስክሩም ነበረ፤ ማኅተሙም ነበረ። የከተማው ሽማግሌዎችም ነበሩ፤ እነሱም እውነቱን ያውቁ ነበር። ኦሪትም ልቡናም አብረው በናቡቴ ከተማ በኢይዝራኤል ውስጥ ነበሩ። ያልነበረው ነቢዩ ኤልያስ ነው፤ እርሱ የመጣው ናቡቴ ከሞተ በኋላ ነው። «ገደልህ፣ ደግሞም ወረስህ?» ብሎ ንጉሡን በናቡቴ ወይን ቦታ ላይ አስቆመው።

ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ የያዝኩት አቋም አለኝ። ክርስቲያናዊ መንግሥት የሚፈልጉ ሰዎች «የትኛው ሕግ?» በሚለው ብቻ ይጨቃጨቃሉ። «ሕጉን ለንጉሡ የሚያነብለት ማነው?» የሚለውን ይረሱታል። ኦሪት ግን አልረሳውም። ዘዳግም 17 ላይ ንጉሡ ፈረስ አያብዛ፣ ሚስት አያብዛ፣ ብርና ወርቅ አያብዛ ይላል። የሕጉን ግልባጭ ጽፎ ዕድሜውን ሁሉ ያንብብ፤ ልቡም በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራ ይላል። የፈረስ ኃይል ሰውን ባሪያ እንዳደረገ ፍትሐ ነገሥት ነግሮናል፤ ኦሪት ፈረሱን ከመጀመሪያው ይከለክላል። የመጽሐፍ ቅዱስ ሕግ ይታወጅ የሚሉ ሰዎች ስለ አመንዝራና ስለ ተሳዳቢ ብዙ ይናገራሉ። በዘዳግም 17 ሲጀምሩ ግን አልሰማሁም። በባለሥልጣን ፈረስ ቢጀምሩ እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ።

ዛምቢያን እንይ። ፕሬዚዳንት ፍሬድሪክ ቺሉባ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1991 አገሪቱን የክርስቲያን አገር ብለው አወጁ። በ1996 በሕገ መንግሥቱ መግቢያ ላይ ገባ። በ2007 ደግሞ የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቺሉባና ግብረ አበሮቻቸው 46 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሕዝብ ገንዘብ እንዳጭበረበሩ በፍትሐ ብሔር ወሰነ። በአገራቸው የወንጀል ክስ በ2009 ነጻ ወጡ፤ ይህም መባል አለበት። እኔ የምለው አዋጁ ካዝናውን አልጠበቀም ነው።

እኛ ጋ ክርስቲያናዊ መንግሥት በወረቀት ነበረ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር። ሕጉ ግን ወዲያው ከእጇ ወጣ። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ አንቀጽ 3347 የቀድሞውን የተጻፈም የልማድም ሕግ ሕጉ በሚመለከታቸው ጉዳዮች ሻረው። በአንድ በኩል የመንግሥት ሃይማኖት፣ በሌላ በኩል ከፈረንሳይ የመጣ ሕግ። ሙስሊሙ የሁለተኛ ዜጋ ስሜቱን ይዞ በ1966 ሚያዝያ አደባባይ ወጣ። አብዮቱ ደግሞ ሁሉንም ጠራርጎ ወሰደው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ መንግሥታዊ ሃይማኖት የለም ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። አንቀጽ 34 ግን ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ ይችላል ይላል። በዚሁ መሠረት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ 188/1992 ተጠናክረዋል። ፈቃድ የሚለውን ቃል ያዙልኝ። የሃይማኖት ሕግ እዚያ የሚሠራው ሰውየው «እሺ» ስላለ ነው። ያላመነውን ሰው የሚያስገድደው ሕግ ግን ለእርሱም ሊገባው በሚችል ምክንያት መቆም አለበት። ለዚህ የሚሆን ቋንቋ ከልቡና ሌላ አላገኘሁም። ድክመቱን ሁሉ ዘርዝሬ፣ አሁንም እርሱን ነው የምመርጠው። ኦሪትንም ወንጌልንም ከመንግሥት ወንበር ሳይሆን ከኤልያስ ቦታ፣ ከወይኑ አጥር አጠገብ፣ መስማት እፈልጋለሁ።

ወጣቱ ጎረቤቴ በዚህ አይስማማም። «እንግዲህ ልቡና ሲደነዝዝ ማን ይነግረናል?» ይለኛል። አንተ ትነግረናለህ እለዋለሁ፤ ግን ፖሊስ ይዘህ አትምጣ።

ድሮ ሰው መንገድ ላይ ሲጣላ፣ ድንበር ሲገፋ፣ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለው እግሩን ያቆም ነበር ይባላል። ዛሬም ቃሉ አልሞተም። ሕግና አምላክ በአንድ ትንፋሽ ተጠርተዋል፤ የትኛው ሕግ፣ የማን አምላክ አይባልም።

ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስመለስ ከማዶ ያለው ቤት ደረጃ ላይ ከምድር እስከ ሁለተኛ ፎቅ የባሕር ዛፍ አጣና በአግድም ተቸንክሮ አየሁ። ጠማማ ነው፤ ግን እጅ ይይዛል። ባለ ሱቁን ጠየቅሁት። የእድሩ ገንዘብ ያዥ እሑድ ዕለት የቤቱን ባለቤት እዚያው ደረጃ ላይ አግኝተውት «በሕግ አምላክ፣ ይህን ሳትሠራ አትሄድም» ብለው ቆሙበት አለኝ። የማን ሕግ ብሎ አልጠየቃቸውም።

ጣራው ገና ነው።